ሩዶልፍ ፊርኾ

ሩዶልፍ ሉድቪግ ካርል ፊርኾ (ኦክቶበር 13 ቀን 1821 – ሴፕቴምበር 5 ቀን 1902 እ.ኤ.አ.) የጀርመን ሐኪም፣ የፓቶሎጂ ሊቅ፣ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪና ፖለቲከኛ ነበር። በትምህርት ቤት መጻሕፍት ስሙ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ሕዋስ ከሌላ ሕዋስ ይወለዳል ከሚለው ትምህርት ጋር ተያይዞ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ይበልጥ የሚያተኩረው ብዙ ጊዜ በአጭሩ በሚታለፈው ሥራው ላይ ነው፤ ይኸውም ሰው፣ የቤት እንስሳትና የዱር አራዊት ስለሚጋሯቸው የአንጀት ትሎች ያደረገው ምርምርና ምርምሩን ወደ ሕግ ለመለወጥ ያካሄደው ረጅም ክርክር ነው። ስሙን አንዳንዶች በእንግሊዝኛው ንባብ ቪርቾው ብለው ይጽፉታል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ፊርኾ የተወለደው በፕሩሲያ መንግሥት፣ በፖሜራኒያ ጠቅላይ ግዛት፣ ሺፈልባይን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ስትሆን ሽቪድቪን ትባላለች። ለወላጆቹ አንድ ልጅ ነበር። አባቱ ገበሬና የከተማው ገንዘብ ያዥ ሲሆን ኑሯቸው የተትረፈረፈ አልነበረም። በ1839 በርሊን ወደሚገኘው የጦር ሐኪሞች ማሠልጠኛ የገባው በነፃ የትምህርት ዕድል ነው፤ ማሠልጠኛው ገንዘብ የሌላቸውን ብሩህ ልጆች በነፃ አስተምሮ በምላሹ በጦር ሠራዊት ሐኪምነት እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር። እዚያ ከዮሐንስ ሙለር ሥር ተምሮ በ1843 በሕክምና ተመረቀ።

ከዚያም በሻሪቴ ሆስፒታል ተመደበና አስከሬን እየከፈተ የበሽታን ምክንያት መፈለግ ዋና ሥራው ሆነ። በ1845 ዛሬ የደም ካንሰር የሚባለውን በሽታ ገልጾ ጻፈ፤ ሉኪሚያ የሚለውን ስምም ያወጣለት እርሱ ነው። በ1847 ከጓደኛው ከቤኖ ራይንሃርት ጋር የራሱን የሕክምና መጽሔት መሠረተ። መጽሔቱ በስሙ እየተጠራ እስካሁን ይታተማል።

የላይኛው ሲሌዥያ ተስቦ

በ1848 መጀመሪያ ላይ የፕሩሲያ መንግሥት በላይኛው ሲሌዥያ የገባውን የተስቦ ወረርሽኝ እንዲያጠና ላከው። የአካባቢው ነዋሪ በአብዛኛው ፖላንድኛ ተናጋሪ ድሃ ገበሬና የማዕድን ሠራተኛ ሲሆን ከበሽታው በፊት ረሃብ ጎድቶት ነበር። ፊርኾ በዚያ የቆየው ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ሪፖርቱ ግን መንግሥት ከጠበቀው የተለየ ሆነ። ከመድኃኒት ይልቅ ትምህርት በራሳቸው ቋንቋ፣ መንገድ፣ ፍትሐዊ ግብርና ራስን በራስ ማስተዳደር እንዲሰጣቸው ጠየቀ። ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ ያን ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር። ሆኖም ሰው ተጨናንቆ፣ ተርቦና ቆሽሾ በሚኖርበት ቦታ በሽታው እንደሚሰፋ አስተውሎ ነበር።

በርሊን እንደተመለሰ የመጋቢቱ አብዮት ፈነዳና ፊርኾም ከአማፂያኑ ጋር በመንገድ ላይ ምሽግ በመሥራት ተሳተፈ። የሕክምና ማሻሻያ የሚል ሳምንታዊ ጋዜጣም ማሳተም ጀመረ። አብዮቱ ሲከሽፍ ከሥራው ታገደ፤ በ1849 በባቫሪያ ወደምትገኘው ዉርትስቡርግ ከተማ ሄዶ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1850 ሮዘ ማየርን አገባና ስድስት ልጆች ወለዱ።

በጉበት ውስጥ የተደበቀው ትል

የዉርትስቡርግ ዓመታት ለሳይንስ ሥራው እጅግ ፍሬያማ ነበሩ። የሕዋስ ትምህርቱን ያበሰለው እዚያ ነው። ከትሎች ጋር በቅርብ የተዋወቀውም በዚያው ጊዜ ነው።

በደቡብ ጀርመንና በስዊዘርላንድ አንዳንድ ሰዎች ጉበታቸው እንደ ስፖንጅ ተበሳስቶና ዝልግልግ ፈሳሽ ሞልቶት ይሞቱ ነበር። ሐኪሞች ይህን የካንሰር ዓይነት ነው ብለው መዝግበውት ነበር። ፊርኾ በ1855 ገደማ እንዲህ ያለውን ጉበት በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ያየው የካንሰር ሕዋስ ሳይሆን የትል ከረጢት ግድግዳ ነበር። በሽታው ኤኪኖኮከስ ከሚባለው ትንሽ የቴፕ ትል የሚመጣ መሆኑን አሳወቀ።

ትሉ ካደገ በኋላ የሚኖረው በዋነኛነት በቀበሮ አንጀት ውስጥ ነው፤ ውሻና ድመትም ይይዙታል። እንቁላሉ ከኩስ ጋር ወጥቶ የሜዳ አይጥ ሲበላው በአይጧ ጉበት ውስጥ ያድጋል፤ ቀበሮዋ አይጧን ስትበላ ዑደቱ ይሞላል። ሰው የሚያዘው እንቁላሉ በእጅ፣ በውሻ ፀጉር ወይም ባልታጠበ ምግብ አማካይነት በድንገት ወደ አፉ ሲገባ ነው። የቀበሮው ሚና የታወቀው ከፊርኾ ሞት በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ቄራዎች በበግ፣ በከብትና በግመል ጉበትና ሳንባ ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢትም የዚሁ ትል የቅርብ ዘመድ ሥራ ሲሆን የሚሰራጨው በውሻ ነው። ስለዚህ የታመመውን የእንስሳ ክፍል ለውሻ መጣል በሽታውን እንደገና መዝራት ማለት ነው።

ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን በአንድ ላይ ለመጥራት ዞኦኖሲስ የሚለውን ቃል ያወጣው ፊርኾ እንደሆነ ይነገራል፤ ቃሉን የተጠቀመበትም በእነዚሁ ዓመታት ባዘጋጀው የሕክምና መጽሐፍ ነው። የሰው ሕክምናና የእንስሳት ሕክምና ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ቢሆኑም ሳይንሳቸው አንድ ነው የሚል እምነት ነበረው። የእንስሳት ሐኪሞች ትምህርት እንዲሻሻልም በኋላ በፓርላማ ሲከራከር ኖሯል።

ትሪኪና

በ1856 ወደ በርሊን ተመለሰ። ለእርሱ የተሠራው የፓቶሎጂ ተቋም ኃላፊ ሆነ፤ በ1858 ደግሞ ስለ ሕዋስ የሰጣቸውን 20 ትምህርቶች በመጽሐፍ አሳተመ። ዝናው በዓለም የናኘው በዚህ መጽሐፍ ነው። ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ ሕዋስ ከሕዋስ መከፈል እንደሚገኝ ከእርሱ አስቀድሞ ያሳየው ሮበርት ሬማክ ነበር፤ ፊርኾ ለሬማክ የሚገባውን ምስጋና ሳይሰጥ ማለፉ እስከ ዛሬ ይወቀስበታል።

የትሪኪና ነገር የሚጀምረው ግን በለንደን ነው። በ1835 ጄምስ ፓጀት የሚባል የመጀመሪያ ዓመት የሕክምና ተማሪ አስከሬን ሲያጠና በጡንቻው ውስጥ አሸዋ የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች አየ። በማይክሮስኮፕ ሲያያቸው እያንዳንዱ ነጥብ ውስጥ ተጠቅልሎ የተኛ ትንሽ ትል ነበር። ሪቻርድ ኦወን ትሉን ገልጾ ስም አወጣለት። ከ11 ዓመት በኋላ ጆሴፍ ላይዲ በፊላዴልፊያ ያንኑ ትል በአሳማ ሥጋ ውስጥ አገኘ። ሆኖም ትሉ ከየት መጥቶ ወደ ጡንቻ እንደሚገባ፣ ሲያድግ ምን እንደሚመስልና ጉዳት እንዳለው ማንም አያውቅም ነበር። ብዙዎች ከሞት በኋላ በአጋጣሚ የሚታይ፣ ጉዳት የሌለው ነገር አድርገው ቆጠሩት። ሌሎች ደግሞ በትልቁ አንጀት የሚኖረው የጅራፍ ትል እጭ ነው ብለው ገመቱ።

በ1859 ፊርኾ ትሪኪና ያለበትን የሰው ጡንቻ ለውሻ አበላ። አራት ቀን ሳይሞላ ውሻው ሲከፈት በትንሹ አንጀቱ ውስጥ ያደጉ ወንድና ሴት ትሎች ተገኙ። የጅራፍ ትሎች አልነበሩም፤ ራሳቸውን የቻሉ ሌላ ዝርያ ነበሩ። በጡንቻ ውስጥ ታስሮ የሚኖረው እጭ የሚያድገው ሌላ እንስሳ ሲበላው በዚያ እንስሳ አንጀት ውስጥ እንደሆነ ተረጋገጠ።

ቀጣዩ እርምጃ የመጣው ከድሬስደን ነው። በጃንዋሪ 1860 አንዲት ወጣት የቤት ሠራተኛ ታይፎይድ ይዟታል ተብላ ሆስፒታል ገባች፤ ጡንቻዋን ክፉኛ ያማት ነበር። በዚያው ወር ሞተች። ፓቶሎጂስቱ ፍሪድሪክ ሴንከር አስከሬኗን ሲመረምር ጡንቻዋ በትሪኪና እጭ ተሞልቶ፣ አንጀቷም ያደጉ ትሎች ይዞ አገኘው። ሴንከር ወደምትሠራበት እርሻ ሄዶ ጠየቀ። ገና ከመድረሱ በፊት አሳማ ታርዶ ነበር። ከቤቱ ሰዎችም የታመሙ ነበሩ። ከታረደው አሳማ የተረፈውን ጭንና ቋሊማ ሲመረምረው ያው ትል ተገኘበት። ትሪኪና ሰው እንደሚገድል ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ሴንከር ከጡንቻው ቆርጦ በርሊን ላለው ለፊርኾና በጊሰን ለነበረው ለሩዶልፍ ሎይካርት ላከላቸው። ፊርኾ ለጥንቸል አበላ፤ ጥንቸሉ ሲሞት ሥጋውን ለሌላ ጥንቸል ሰጠ፤ እንዲህ እያለ ትሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሸጋገር አሳየ። ሎይካርት በበኩሉ በአሳማ ላይ ሞከረ። ማን ቀደመ በሚለው ላይ ሁለቱ ተቀያይመዋል። ለአንባቢ ዋናው ነገር የሁለቱም ውጤት መግጠሙ ነው።

ዑደቱ እንዲህ ነው። በሥጋው ውስጥ ያለው እጭ ጨጓራ ሲደርስ ሽፋኑ ይሟሟል። እጩ ወደ ትንሹ አንጀት ገብቶ በሁለት ቀን ገደማ ያድጋል። ሴቷ እንቁላል አትጥልም፤ በሳምንት ጊዜ ውስጥ በሕይወት ያሉ እጮችን መውለድ ትጀምራለች። እጮቹ በደም ተጉዘው ጡንቻ ውስጥ ይገባሉ፤ እዚያም ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። በሽተኛው መጀመሪያ ሆዱን ያመዋል፣ ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ ፊቱና የዓይኑ ሽፋሽፍት ያብጣል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ጡንቻው ይታመማል። እጩ የበዛበት ሰው በልብ ወይም በመተንፈሻ ድካም ሊሞት ይችላል።

በኢትዮጵያ በደንብ የሚታወቀው የኮሶ ትል ሁለት ቤት ያስፈልገዋል፤ እጩ በከብት ሥጋ፣ ትልቁ ትል በሰው አንጀት። ትሪኪና ግን አንዱን እንስሳ ለሁለቱም ይጠቀምበታል፤ በአንጀቱ ያድጋል፣ በጡንቻው ይቀመጣል። ስለዚህ ሥጋ የሚበላ ማንኛውም አጥቢ እንስሳ ሊያስተላልፈው ይችላል። አይጥ አይጥን ትበላለች፣ አሳማ የሞተ አይጥ ይበላል፣ ቀበሮና ድብ ጥንብ ይበላሉ፣ ሰው ደግሞ አሳማውን፣ የዱር አሳማውንና ድቡን ይበላል። የአሳማ ሥጋ ብዙም በማይበላበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር በሽታው እምብዛም የማይታወቀው ለዚህ ነው።

ከሥጋ ሻጮች ጋር የተደረገው ክርክር

በፕሩሲያ ሳክሶኒ ጠቅላይ ግዛት ሰዎች የተፈጨ የአሳማ ሥጋ እንደ ክትፎ ጥሬውን ዳቦ ላይ ቀብተው የመብላት ልማድ ነበራቸው። በ1863 መከር ላይ በሄትሽቴት ከተማ ከ150 በላይ ሰዎች ታመው ከ20 በላይ ሞቱ። በ1865 ደግሞ በሄደርስሌበን መንደር 337 ሰዎች ታመው 101 ሞቱ። መንደሩ ትንሽ ስለነበረ ሐዘን ያልደረሰበት ቤት ጥቂት ነበር።

ፊርኾ በሁለቱ ወረርሽኞች መካከል፣ በ1864፣ ስለ ትሪኪና አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የተጻፈው ለሐኪሞች ብቻ ሳይሆን ለተራው አንባቢም ነው። ምክሩ ሁለት ነገር ነበር፤ ሥጋውን በደንብ ማብሰል፣ እንዲሁም እያንዳንዱን የታረደ አሳማ በማይክሮስኮፕ መመርመር። የመጀመሪያውን ማንም አልተቃወመም፤ ጥሬ የለመደው ግን አልሰማም። ሁለተኛው ጠብ አስነሳ። ሥጋ ሻጮች ገበያችን ተዘጋ ብለው ጮኹ። ከእንስሳት ሐኪሞችም መካከል ትሪኪና ጉዳት የለውም ብለው በአደባባይ የተከራከሩ ነበሩ። ወሬው በተሰማ ቁጥር ሰው ቋሊማ መግዛት ያቆም ስለነበር የሻጮቹ ምሬት መሠረት የሌለው አልነበረም።

የፊርኾ መልስ፣ ምርመራው ሥጋ ሻጩንም ይጠቅማል የሚል ነበር፤ የተመረመረ ሥጋ ያለ ፍርሃት ይገዛልና። ከዚህ በላይ ደግሞ ሰው በየጓሮው እያረደ ምርመራ ማካሄድ ስለማይቻል ከተሞች የሕዝብ ቄራ እንዲሠሩ ወተወተ። ፕሩሲያ በ1868 ከተሞች ቄራ ሠርተው ሁሉም እዚያ እንዲያርድ ማስገደድ የሚችሉበትን ሕግ አወጣች። በ1877 የትሪኪና ምርመራ በፕሩሲያ ግዴታ ሆነ። የበርሊን ማዕከላዊ ቄራ በ1881 ተከፈተ። ለመላው የጀርመን ግዛት የሚሠራ የሥጋ ምርመራ ሕግ የወጣው በ1900 ሲሆን ፊርኾ ያን ጊዜ ወደ 80 ዓመት ተጠግቶ ነበር።

ምርመራው ቀላል ነው። ትሉ በብዛት ከሚገኝበት ከአሳማው ድያፍራም ትንሽ ትንሽ ተቆርጦ በሁለት ወፍራም መስታወት መካከል ይጨፈለቃል፤ ከዚያም በማይክሮስኮፕ ይታያል። ለዚህ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ አጭር ሥልጠና ይበቃል። በመላ ፕሩሲያ በሺህ የሚቆጠሩ መርማሪዎች የተቀጠሩ ሲሆን በበርሊን ቄራ ከእነርሱ መካከል ብዙ ሴቶች ነበሩበት።

ትምህርቱ ባሕር ተሻግሯል። ካናዳዊው ዊልያም ኦስለር በ1870ዎቹ በርሊን መጥቶ የፊርኾን ሥራ ከቅርብ አየ፤ በኋላም በሞንትሪያል የሚሸጠውን የአሳማ ሥጋ መረመረ። ጀርመን ራሷ ከ1880 ጀምሮ የአሜሪካን የአሳማ ሥጋ በትሪኪና ምክንያት ከገበያዋ አስወጣች፤ እገዳው እስከ 1891 ቆየ። ከጤና ይልቅ የጀርመን ገበሬዎችን ከውድድር መጠበቅ ዓላማው እንደነበር የሚናገሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው።

ፖለቲካና ቢስማርክ

ፊርኾ በ1859 የበርሊን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነና እስኪሞት ድረስ በዚያው ቆየ። በ1861 የጀርመን የእድገት ፓርቲን ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን በፕሩሲያ ፓርላማ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የቢስማርክ ብርቱ ተቃዋሚ ነበር። በ1865 በፓርላማ ክርክር ላይ የቢስማርክን እውነተኛነት ስለተጠራጠረ ቢስማርክ ለፍልሚያ ጠራው። ፊርኾ ግን ይህ ክርክር የሚፈታበት መንገድ አይደለም ብሎ ሳይቀበለው ቀረ።

ስለዚህ ፍልሚያ በሰፊው የሚወራ ተረት አለ። መሣሪያ የመምረጥ መብት የነበረው ፊርኾ ሁለት ቋሊማ አቅርቦ፣ አንዱ ጤናማ፣ አንዱ ትሪኪና ያለበት ነውና ቢስማርክ መርጦ ይብላ አለ፣ ቢስማርክም ፈርቶ ተወው ይባላል። በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ ግን የለውም። ተረቱ የሚያስተምረን ነገር ቢኖር የፊርኾ ስም በሕዝቡ ዘንድ ከትሪኪና ጋር ምን ያህል ተጣብቆ እንደነበር ነው።

በከተማው ምክር ቤት ያከናወነው ሥራ ከፓርላማው ይልቅ ዘላቂ ሆኗል ማለት ይቻላል። የበርሊን ቆሻሻ ውሃ በየመንገዱ ዳር ባለ ቦይ ይፈስ ነበር። ፊርኾ የመሐንዲሱን የጀምስ ሆብረሽትን እቅድ ደግፎ ከ1873 ጀምሮ ከመሬት በታች የፍሳሽ መስመር እንዲዘረጋ አደረገ። የሕዝብ ሆስፒታሎች እንዲሠሩና የትምህርት ቤቶች ንጽሕና እንዲጠበቅም ሠርቷል።

ሌሎች ሥራዎቹና ስህተቶቹ

በ1869 የበርሊን የአንትሮፖሎጂ ማኅበርን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። በ1879 ከሃይንሪክ ሽሊማን ጋር በትሮይ ቁፋሮ ላይ ተገኝቷል። ወደ 6.7 ሚሊዮን የሚጠጉ የጀርመን ተማሪዎች የፀጉር፣ የዓይንና የቆዳ ቀለም እንዲመዘገብ አድርጎ ንጹህ የጀርመን ዘር የሚባል ነገር እንደሌለ ከውጤቱ አሳየ። ይህ ለዘረኞች አልተመቻቸውም።

በሌላ በኩል፣ በትል ጉዳይ ዓይኑ የተገለጠለት ሰው በባክቴሪያ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ተጠራጣሪ ነበር። በሽታን በዋናነት የሕዋስ መታወክ አድርጎ ስላየው የሮበርት ኮህን ግኝት በሙሉ ልብ አልተቀበለም። እጅ መታጠብ የወላድ እናቶችን ሞት እንደሚቀንስ ያሳየውን ኢግናዝ ዘመልቫይስንም ተቃውሟል። የኒያንደርታልን አጽም በበሽታ የተበላሸ የሰው አጥንት አድርጎ ማየቱም ስህተት ነበር።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1899 ሕይወቱን ሙሉ የሰበሰባቸውን ከ20 ሺህ በላይ የበሽታ ናሙናዎች የያዘ ሙዚየም በሻሪቴ ግቢ ከፈተ። በጃንዋሪ 4 ቀን 1902 በላይፕትሲገር ጎዳና ከሚሄድ ትራም ላይ ሲወርድ ወድቆ የጭን አጥንቱ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ጤናው አልተመለሰም፤ ሴፕቴምበር 5 ቀን በ80 ዓመቱ አረፈ። የበርሊን ከተማ በክብር ቀበረችው። በ1906 የተከፈተው የከተማው ትልቅ ሆስፒታል በስሙ ተሰየመ፤ ዛሬ የሻሪቴ አካል ነው።

የግዴታ ምርመራ በቀጠለባቸውና አሳማ በተዘጋ ቦታ በሚረባባቸው አገሮች ከሱቅ ሥጋ ትሪኪና መያዝ ብርቅ ሆኗል። ዛሬ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከሚታዩት ሕሙማን ብዙዎቹ ያልተመረመረ የዱር አሳማ ወይም የድብ ሥጋ የበሉ ናቸው። በቀዝቃዛ አገር አራዊት የሚገኙ አንዳንድ የትሪኪና ዝርያዎች በበረዶ ስለማይሞቱ ሥጋውን ማቀዝቀዝ ብቻውን አይበቃም። በጀርመን የታደነ የዱር አሳማ ለሰው ምግብ ከመዋሉ በፊት ለትሪኪና የሚመረመር ሲሆን፣ የተጨፈለቀውን ቁራጭ በማየት ፋንታ ሥጋው በአሲድና በኢንዛይም ሟሙቶ እጩ ከፈሳሹ ውስጥ ይፈለጋል።